ለልጅ ወገብ የታጠፈ ዝናር

ልጄ ብርቱካን ከአረብ አገር ስትመለስ ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ ልብስና የታመመ ወገብ ነው። ባጠራቀመችው የስፌት መኪና ገዝታ ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ከፈተች። መጀመሪያ የተማሪ ቦርሳና የሚኒባስ ወንበር ልብስ ነበር የምትሰፋው። ዛሬ ዛሬ ግን ደጇ ላይ የሚቆመው ጎረምሳ ሸራውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ፣ ስልኩን ከፍቶ ፎቶ እያሳየ፣ እንዲህ አድርገሽ ስፊልኝ የሚል ነው። የሚያሳያት የደረት ትጥቅ ነው፤ የክላሽ ካዝና ፊት ለፊት ተደርድሮ የሚገባበት፣ በጎኑ የውኃ ኮዳ ማንጠልጠያ፣ በትከሻ የሚተላለፍ ሰፊ ማንገቻ ያለው። እኔ በርጩማዬን በሩ ላይ አድርጌ ፀሐይ ስሞቅ ሁሉንም አያለሁ። ከየት መጣህ፣ ለማን ነው አይባልም። እሷ ትለካለች፣ ትሰፋለች፤ እሱም ለብሶት ወዲያና ወዲህ ይልና ይሄዳል። አንዳንዱ ትጥቁ ሳያረጅ መርዶው ይመጣል። ያኔ ብርቱካን መኪናዋን አቁማ ትንሽ ትቀመጥና ሌላውን ሸራ ታነሣለች።

ባለፈው ክረምት አንዱ የአያቱን የቆዳ ዝናር ይዞ መጣ። ዘለበቱን ፍቺልኝና ወደ ሸራው አዙሪልኝ ነው የሚለው፤ ቆዳውንማ ጣይው አላት። ዝናብ መቶት ኖሮ ርሷል። ብርቱካን በምላጭ ስፌቱን ስትተረትረው ሽታው ሱቁን ሞላው፤ የራሰ የበሬ ቆዳ፣ ዓመታት የጠጣው ቅቤ፣ የጥይት ዝገት። እኔ ይሄን ሽታ የማውቀው ከትዳሬ መኝታ ነው። ባሌ ሞላ የገባ መስሎኝ ቀና አልሁ።

ሞላ ቆዳ ሠሪ ነበር። ኮርቻ፣ የበቅሎ ልጓም፣ የቄስ መጽሐፍ ማኅደር ሁሉ ይሠራል፤ ስሙ የሚነሣው ግን በዝናር ነው። ያኔ ሱቃችን ከገበያው ጀርባ፣ ከጠጅ ቤቱ ፊት ለፊት ነበረች። ማሲንቆው ከጠዋት ጀምሮ ይሰማል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንበሳሜም ከሐሙሲትም የሚመጣው ባላገር ካኪ ቁምጣውን በጉልበቱ ልክ አድርጎ፣ አዲስ ጋቢ ደርቦ፣ ምንሽር ጠመንጃውን በትከሻው እንደ ቀንበር ጋድም አድርጎ በደጃችን ያልፋል። ባዶ ወገብ የሄደ ወንድ እንደ ራቁት ይቆጠር ነበር። አንድ የሞላ ዝናር የአንድ ሙክት ዋጋ ያወጣል፤ አሮጌ ጓንዴ ጠመንጃ ብቻ ያለው ድሀ እንኳ ሙክቱን ሸጦ ዝናሩን ይገዛል። እኔ ጅማቱን ሰም እየቀባሁ አቀብለዋለሁ፤ እሱ በወስፌ እየበሳ ይሰፋል። ከወይራ እንጨት የጠረበው የውሸት ጥይት ነበረው። ቆዳው ርጥብ እንዳለ እያንዳንዷን መሰኪያ በእሱ ላይ እየወጠረ ያደርቃታል። ሲያልቅ ጥይቱ በጣት ይወጣል፣ በሩጫ ግን አይወድቅም።

ማስታጠቁም ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር። ሞላ ደንበኛውን መሬት ላይ ቁጢጥ ያሰኘዋል፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ያሰግደዋል፣ በደጃችን የሚወርደውን ቦይ ያዘልለዋል። ክብደቱ በአንድ ጎን ያደላ እንደሆነ ወገብ ያጣምማል ይላል፤ ዘለበቱም ከእምብርት ትንሽ ወደ ግራ ካልዋለ ሰው ሲያጎነብስ ሆዱን ይቆነጥጠዋል። ከባድ ለሆነው በትከሻ የሚያልፍ ማንገቻ ያክልበታል። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሞላ የሠራውን ቆዳ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ይተኛል እንጂ ከቤታችን ውኃ አይጠጣም። ቆዳ ፋቂ ነን፤ ዓይናችን ሰው ይበላል ይባላል። ልጆቼን ታቅፌ ሳልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ለምደነው ነበር ልበል? አልለመድነውም፤ ዝም አልን እንጂ።

የሻረግ የመጣችው በእንዲህ ያለ ቅዳሜ ነው። ከአንበሳሜ ወዲህ ካለ ቀበሌ የመጣች፣ ረዥም፣ ጠይም ሴት ናት። ነጠላዋን ጥላሸት ውስጥ ነክራዋለች፤ ፊቷን በኀዘን ቧጥጣው ገና ቅርፊቱ አልተነሣም። ከኋላዋ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጭንቅላቱ የተላጨ ልጅ ቆሟል። ባሏን ሞላ ያውቀው ነበር። ዝናሩን የሠራለት እሱ ነው። በእርሻ ድንበር ተጣልተው ፈንቴ የሚባል ጎረቤታቸው ነው የገደለው፤ ሰውየው ሞፈሩን እንደያዘ፣ ከዝናሩ አንዲት ጥይት ሳያወጣ ነው የወደቀው። ገዳዩ ጫካ ገባ። የሻረግ ዝናሩን ከነደሙ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችው። ሞላ በርጥብ ጨርቅ ሊጠርገው ሲል እጁን ያዘችው።

"አይታጠብም" አለችው። "ለልጁ ልክ አድርገው።"

ሞላ ልጁን አየው። ቀስ ብሎ፣ ቆዳውን ብቆርጠው መልሶ አይቀጠልም፣ ልጁ እስኪያድግ ይቀመጥ አላት። እሷ ግን እንዲቆረጥ አልፈለገችም። እንዲታጠፍና እንዲሰፋ፣ ልጁ ባደገ ቁጥር አንዳንድ እጥፋት እንዲፈታ ነው የምትለው። ይሄን ሁሉ መንገዱን ስትመጣ ስታስብበት ኖራለች። ሞላ ልጁን አቁሞ ወገቡን ለካ። ልጁ እጁን ከፍ አድርጎ እንደ ተሰቀለ ሰው ቆመ። ሞላ ስሙን ሲጠይቀው ይበልጣል አለ። እናቱ ወዲያው በጥፊ መታችው። ይበልጣል አባቱ ያወጣለት ስም ነበር፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ስሙ ደመላሽ ነው። "ማነህ?" አለችው እዚያው ፊታችን። "ደመላሽ" አለ። ሞላ እንደገና አልጠየቀውም፤ አጥፎ ሰፋለት።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ መከሩ ሲገባ ይመጣሉ። ሞላ አንድ እጥፋት ይፈታል፤ ታጥፎ የከረመው ቆዳ ከሌላው ይልቅ ብሩህ ሆኖ ይወጣል። ልጁ ቀሚሱን ሲገልጥ ዝናሩ ያረፈበት ሁለቱም ዳሌው ቆስሎ፣ ቆስሎ ጠንክሯል። ጥይቱ እውነተኛ ነው፤ የአባቱ ነው፤ እሷ አታስወጣም። ትምህርት ቤት ልካው ነበር። መምህሩ ዝናሩን ፍታ ቢሉት ጊዜ እሷ ሄዳ ልጁን ከክፍል አወጣችው፤ ዳግመኛም አልተመለሰ። በዓል ሲሆን በቤቷ ሥጋ አይገባም። ገበታ ሲቀርብ መጀመሪያ የአባቱ ድርሻ ይቀመጣል፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ከዚያ ነው ልጁ የሚበላው። ሞላ ማንገቻውን ባሰፋለት ቁጥር እሷ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ በቀስታ ታንጎራጉራለች፦

አባትህ ተኝቷል ከግራሩ ጥላ፣
ማን ይቀሰቅሰው ካንተ በቀር ሌላ።

ልጁ ዓይኑን መሬት ተክሎ ይሰማል። እሷ ከእኛ ውኃ አትጠጣም። እሱ ግን እናቱ ወደ ገበያ ብቅ ስትል በዓይኑ ይለምነኛል፤ በጣሳ እሰጠዋለሁ፤ ትንፋሹን ሳይተነፍስ ይጨልጠዋል።

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። መንግሥት ሲለወጥ ፈንቴ ከጫካ ወጣ፤ ምሕረት አግኝቶ ከሚስቱ ጋር እርሻው ላይ ተቀመጠ። ከየሻረግ ቤት ጭሱ ይታያል። ሽማግሌ ተላከባት፤ ቄስ መስቀል ይዞ ደጇ ቆመ። በሩን ዘግታ ውሻዋን ፈታችባቸው። ልጁ ጢም አበቀለ። አሁን የቀረችው አንዲት እጥፋት ብቻ ናት። ጎረምሶቹ በገበያ ሲያገኙት የዝናሩ ባለቤት መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ይሳለቁበታል፤ ሴት ልጅ ታጭታለት ነበር፣ ደሙን ሳይመልስ ወንድ አይባልም ብለው ወላጆቿ ለሌላ ዳሩበት። ክፉ አገር ነበር። ዛሬ ስንናገር መልካሙን ብቻ እናነሣለን፤ ጠጁን፣ ማሲንቆውን፣ ጋቢውን። ክፋቱም ግን እንደ ቆዳው ሥራ በእጅ የተሠራ፣ በዓመታት የለፋ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ይበልጣል ብቻውን መጣ። ጠመንጃውን በር ላይ አስደግፎ ገባና ዝናሩን ፈትቶ በሞላ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። የመጨረሻዋን እጥፋት ሊያስፈታ የመጣ መስሎን ነበር። እሱ ግን ተቀምጦ ነገሩን አጫወተን። ፈንቴ ከአንበሳሜ ገበያ የሚመለስበትን መንገድ ያውቅ ነበር፤ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ቁጥቋጦ ተገን አድርጎ ጠበቀው። ፈንቴ የጨው አሞሌና የሚስቱን መድኃኒት በከረጢት ይዞ መጣ። አፈሙዙን ሲያይ አልሮጠም። ከረጢቱን ደረቅ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

"ተኩስ እንጂ ልጄ" አለው። "እኔም ከመጠበቅ ደክሞኛል። መድኃኒቱን ግን ለሚስቴ አድርስልኝ።"

ይበልጣል ያን ሁሉ ዓመት ያሰበው የሚሮጥ ሰው፣ የሚጮኽ ሰው፣ ጠላት የሚመስል ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ማንም አልነገረውም። ጠመንጃውን እንዳወረደ፣ መድኃኒቱን ራሱ አንሥቶ ለፈንቴ እንዳቀበለው ነገረን። አሁን ከአጎቶቹ ጋር መክሮ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ዝናሩን ለምን እዚህ እንዳመጣው ሞላ ጠየቀው፤ ቤት ይዤው ከገባሁ እሷ መልሳ ታስታጥቀኛለች አለ። ሞላ ዝናሩን ሰቀለው። ያን ቀን ይበልጣል ከእኛ ጋር እንጀራ በላ፤ ከቆዳ ሠሪ ቤት እንጀራ የበላ የመጀመሪያው ባላገር እሱ ነው። እንደ ተራበ ሕፃን ነበር የሚጎርሰው።

ዕርቁ በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ሆነ። ፈንቴ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ፤ ይበልጣል ድንጋዩን አንሥቶ ጣለለት። ሁለቱ ወገን በአንድ ገበታ ቀረበ፤ ፈንቴ አጎረሰው፣ እሱም አጎረሰው። አጎቶቹ ሁሉ ነበሩ። እናቱ ብቻ አልነበረችም።

በሳምንቱ የሻረግ እኛ ቤት መጣች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። የልጄን ዝናር ስጡኝ አለች። ሞላ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ "ልጄ ሞቷል፤ ላስለቅስለት ነው" አለችው። ሞላ ልጅሽ ሐሙስ ዕለት በደጄ አልፏል፣ ደህና ነው አላት። እሷም ያ ሌላ ሰው ነው አለች። ዝናሩን ከተሰቀለበት ራሷ አውርዳ ወሰደችው።

ሬሳ ያልተገኘለት ሰው በልብሱ ይለቀስለታል፤ ያገሩ ደንብ ነው። የሻረግ ድንኳን ጣለች፣ ለፋፊ ላከች፣ ንፍሮ ቀቀለች። ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ የአበደች መስሎት ሊያረጋጋት ሄደ፤ እሷ ግን ፊቷን እየነጨች ስታለቅስ፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ አብረዋት አነቡ። እኔና ሞላም ሄደን ከአጥሩ ውጭ፣ ቆዳ ሠሪ በሚቆምበት ቆምን። ዝናሩ በአልጋ ላይ፣ በነጭ ጋቢ ላይ ተዘርግቷል። ከአንዲቱ በቀር እጥፋቶቹ የተፈቱበት ቦታ ከሩቅ ይለያል። እሷ ከፊቱ ወዲያና ወዲህ እያለች ሙሾ ታወርዳለች፦

ልጄን ምን ገደለው ብሎ ለሚጠይቅ፣
የጠላት ጉርሻ ነው ጉሮሮ የሚያንቅ።

ያን ጊዜ ይበልጣል በበሩ ገባ። በእናቱ ቤት ለቅሶ አለ ሲባል ሰምቶ፣ የሞተችው እሷ መስላው እየሮጠ የመጣ ነው፤ ላብ አጥምቆታል። ሕዝቡ እንደ ውኃ ለሁለት ተከፈለለት። እሱ እናቱን ቆማ ሲያያት ፊቱ በራ፤ ቀጥሎ አልጋውን አየ። እማዬ አላት። እሷ ዓይኑን እያየች ዞር ብላ ለሴቶቹ፣ "ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ አለ፤ ቦታ ስጡት" አለች።  የሚስቅባት የለም፣ የሚገስጻት የለም። አንዲት ሴት እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ንፍሮ ዘግና ሰጠችው። ይበልጣል ንፍሮውን በእጁ ይዞ በራሱ ለቅሶ ዳር ተቀመጠ። አንድ አንድ ፍሬ እያነሣ በላው። ከዚያ ተነሥቶ መንገዱን ያዘ። ሞላ ተከትሎት ሮጠ፤ አልደረሰበትም።

ዝናሩን አባቱ መቃብር አጠገብ ቀበረችው። እሱ ሐሙሲት ገብቶ መኪና ያጥባል ሲባል ሰማን፤ ቆይቶ ረዳት ሆነ፣ ሾፌር ሆነ ተባለ። ሞላም ሞተ። ከዚያ ወዲያ የቆዳ ዝናር የሚያሠራ ጠፋ፤ ሱቁን ለበርበሬ ነጋዴ አከራየሁ።

እንግዲህ ያ የአያቱን ዝናር ያመጣው ጎረምሳ ዘለበቱን ተቀብሎ በሄደበት ከሰዓት፣ ዝናቡ ሳያባራ አንድ ሚኒባስ ደጃችን ቆመ። ጠጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ ሰው ወርዶ ለብርቱካን የተቀደደ የወንበር ልብስ ሰጣት። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። "እትዬ፣ አላወቁኝም፤ ይበልጣል ነኝ" አለ። ልጁ ሦስተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ እንደ ገባ፣ ሚስቱ ሐሙሲት ጠላ እንደምትሸጥ አጫወተኝ። እኔም ፈራ ተባ እያልሁ ስለ እናቱ ጠየቅሁት።

አምና እንዳረፈች ነገረኝ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይልክላት ነበር፤ ጥሩ ነጠላ ቢልክላት ለድሀ አስከሬን መገነዣ ይሁን ብላ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠችው። ታማ ተኝታ ሲሄድ ድምፁን ሰምታ፣ ሙት መጣብኝ ብላ ጸበል አስረጨችበት። ፊቱን ጠርጎ ወጣ። እንደገና ሄደ፤ እንደገና አስረጨችበት። ስትሞት የነገረው ዘመድ አልነበረም፤ ከተሳፋሪ ወሬ ነው የሰማው። ሲደርስ ተቀብራ፣ ሰው ለቅሶ ቤት ተሰብስቦ አገኘ።

"ሰው ሁሉ የአጎቶቼን ልጆች እያጽናና አለፈ" አለኝ። "አልፈርድባቸውም። እኔን ያጽናኑ እንደሆነ ያን ጊዜ ያለቀሱት እንባ ውሸት ሊሆንባቸው ነው። ጥግ ላይ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ኋላ አያ ፈንቴ በምርኩዛቸው እየዳበሱ መጡ፤ ዓይናቸው ጠፍቷል። ልጇ የት ነው እያሉ ጠየቁ። ማንም መልስ ሲነሣቸው እኔው እዚህ ነኝ አልኋቸው። ከጎኔ ተቀመጡና፣ ‘እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ፣ እናት አንድ ናት’ አሉኝ።"

 ዝናቡ የሱቋን ቆርቆሮ ይደበድባል።

"እትዬ፣ በዕድሜዬ ልገድላቸው የፈለግሁት ያን ቀን ብቻ ነው።"

ምን አደረግህ አልሁት።

"አሜን አልኋቸው። እጃቸውን ይዤ ቤታቸው አደረስኋቸው። ሚስታቸው ምንጣፍ ዘረጉልኝ። የእናቴን ሣልስት እዚያው ተቀመጥሁ፤ እንደ ልጇ አድርጎ የሚያስቀምጠኝ ሌላ ቤት አልነበረም።"